የአውሮፕላን ትምህርት በፈላና በር

ባለቤቴ ጆሮው እንደከዳው ያወቅኩት ለረጅም ዕረፍት ሐረር በመጣ ሰሞን ነው። ውሃ በአህያ የሚያመጣልን ሰውዬ የግቢያችንን ቆርቆሮ በር በድንጋይ ይደበድባል፤ ባለቤቴ እዚያው በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ቀና እንኳ አላለም። እጄን ሳላደርቅ ከጓዳ ሮጬ ወጥቼ ከፈትኩ።

«ሰው እያለ ነው እንዴ እንዲህ የምታስቆሙኝ?» አለ ሰውዬው ባለቤቴን እያየ።

ባለቤቴ የነቃው ያኔ ነው። «መጣህ እንዴ? ግባ፣ ግባ» ብሎ ጄሪካኖቹን ሊያወርድ ተነሣ፤ ፊቱ ግን ልውጥ ብሎ ነበር። ሰውዬው አህያውን ነድቶ ከሄደ በኋላ አጠገቡ ቆሜ በዝግታ «አልሰማህም ነበር?» አልኩት።

«ምን?» አለኝ።

እሱ የጎጃም ልጅ ነው። ወደ ምሥራቅ የመጣው ወታደር ሆኖ፣ የአውሮፕላን ጥገና ተምሮ፣ ተመድቦ ነው። እኔ እዚሁ ሐረር የተወለድኩ ነኝ፤ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ ከቀሩ ብዙ ትውልድ አልፏል። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምንኖረው ከአሮጌው ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው በአባቴ ቤት ነው። ባለቤቴ ከሠራዊቱ ሲሰናበት ገና ጉልበቱ ያልደከመ ሰው ስለነበረ፣ ባሕር ተሻግሮ በአንድ ዐረብ አገር የመንግሥት አየር መንገድ ውስጥ በሙያው ተቀጠረ። አገሩንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፤ ዛሬም እዚያ ሠርተው የሚያድሩ ጓደኞች አሉት። በዓመት አንዴ እየመጣ፣ በስልክ እየተነጋገርን፣ ሴት ልጃችንን አሳድገን ዳርን። ኑሯችን ይኸው ነበር።

ስለዚያ አየር መንገድ ሲያወራኝ አንዳንዴ እየሣቀ፣ አንዳንዴ እየተበሳጨ ነበር። አውሮፕላኖቹ ያረጁ፣ ባለ ፕሮፔለር ናቸው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከአንዱ ፈትተው ለሌላው ይገጥማሉ፤ የተፈታው ደግሞ ሃንጋር ጥግ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። የባለሥልጣን ዘመድ ሁሉ በነፃ ይሳፈራል። አለቃ በተቀየረ ቁጥር የአውሮፕላኑ ጭራ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። «እግዜር ነው የሚያበረው» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ ስጸልይ የማስበው ያንን ነገር ነበር።

የዚያ አገር መንግሥት የአየር መንገዱን ድርሻ ለውጭ ባለሀብቶች ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲሰጋ እሱ ደስ አለው። ስልክ ደውሎ «አሁን ገና ዕቃ በጊዜው ሊመጣልን ነው» አለኝ። «አሁን ገና እንደ ሰው ልንሠራ ነው።» ድምፁ ወጣት ሆኖ ነበር። ባለሀብቶቹም ገቡ። አዳዲስ ጄቶች ታዘዙ፤ አሮጌዎቹ ተራ በተራ መብረር አቆሙ። ነባር ጠጋኞቹም እንዲህ ተባሉ፦ አዲሶቹ አውሮፕላኖች እስኪመጡ በየቤታችሁ ሂዱ፤ በታብሌት ትምህርት እንሰጣችኋለን፤ ተፈተኑ፤ ያለፈ ይጠራል።

ወደ ሐረር የመጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ የከበደው እንግሊዝኛው ይመስለኝ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይመልሰዋል። ግንባሩ ላብ ያወጣል። ታብሌቱ ላይ የሚነበበው ጥቂት ነው፤ ዋናውን ነገር የምታስረዳው ከሥዕሉ ጀርባ ያለችው ሴት ናት። ከውሃው ሰውዬ በኋላ ግን ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅዬ ራሴ ሰካሁት። የሴትዮዋ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ለልጆች እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

ፊቱን አየሁት። እሱም አየኝ።

«ምን ትላለች?» አለኝ።

ያኔ ነገረኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየባሰበት መጥቷል። ወጣት ሳለ ሞተር እየጮኸ ሥሩ ቆሞ ይውል ነበር፤ ጆሮ መሸፈኛ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተገኘ እንደሆነ ጥጥ ጠቅጥቆ ነው። ሥራው ላይ ሁሉም ሰው ስለሚጮህ፣ በእጅ ምልክትም ስለሚግባቡ፣ ማንም አላወቀበትም። በስልክ ስንነጋገር ደግሞ ቶሎ ቶሎ «እሺ፣ እሺ» የሚለኝ ለካ ሳይሰማኝ ነበር። የስንት ዓመት ወሬዬን እሺ ብሎ እንዳሳለፈው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ከፈተናው በኋላ የጤና ምርመራ አለ ይላሉ። እሱን ያኔ እናየዋለን። አሁን ፈተናውን ልለፍ።»

እንዲህ ሆኖ ነው አስተማሪው እኔ የሆንኩት። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ምሳ እንደበላን በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። ማዳመጫውን እኔ እሰካለሁ፤ ሴትዮዋ የምትለውን አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማና አቆማታለሁ፤ ከዚያ ለእሱ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ቀስ ብሎ መናገር አያዋጣም፤ ጩኸት ነው የሚፈልገው። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዘይት ግፊት፣ ስለ ሃይድሮሊክ፣ ሞተር ሲቃጠል የሚበራው መብራት የቱ እንደሆነ፣ እኔ አንዱም ሳይገባኝ በእንግሊዝኛ እጮሃለሁ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዴ «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ያስቆመኝና ለእኔ ሊያስረዳኝ ይሞክራል። ሁለታችንም ተማሪ፣ ሁለታችንም አስተማሪ ሆንን። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን ብዙ ሰዓት አብረን ተቀምጠን አናውቅም።

መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ ይሞታል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሴትዮዋ ቃሏን ሳትጨርስ ትቀራለች። ያኔ እሱ ተነሥቶ ግቢውን ይዞራል፤ እኔ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። ምን ልናደርግ እንችላለን? ሲመለስ እንቀጥላለን።

በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን አንዲት የሐረሪ እናት ናቸው። ባላቸው ነጋዴ ስለነበሩ በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት ጅዳ ኖረዋል። ልጆቻቸው ተበትነው ብቻቸውን ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የወንዶች ቆብ ይጠልፋሉ። የእኔ ጩኸት በግድግዳው በኩል ይደርሳቸዋል። በመጀመሪያ የተጣላን መስሏቸው ነበር።

«ልጄ፣ በፈረንጅ አፍ ነው እንዴ የምትሰዳደቡት?» አሉኝ አንድ ቀን።

የአውሮፕላን ትምህርት መሆኑን ነገርኳቸው፤ የጆሮውን ነገር ግን አልተናገርኩም። እሳቸው አልጠየቁኝም። ገብቷቸዋል መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ «ዛሬ ጠያራው ምኑን አመመው?» ይሉኛል፤ አውሮፕላንን እሳቸው ጠያራ ነው የሚሉት። እኔም «ዛሬ ጎማው ነው»፣ «ዛሬ ክንፉ ነው» እላቸዋለሁ። «አላህ ያሽረው» ይላሉ። ባለቤቴንም ሲያገኙት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ድሬ ጠያራ የሚባለው ሜዳ ድሮ ጠያራ ያርፍበት ነበር ይላሉ፤ አሁን ማሽላ ነው የበቀለበት። አንተ ስትጨርስ እዚያ ታሳርፍልናለህ፣ ኢንሻአላህ» ብለው ያሥቁታል።

የፈተናው ቀን ሲደርስ ቤታችን እንደማይሆን ገባን። ፈተናው በኮምፒዩተር፣ በካሜራ እየታዩ የሚወሰድ ነው፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ወደቀ ማለት ነው። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ክፍል ያዝን። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድ እኔ ከታች፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ። ጥያቄው በጽሑፍ እንጂ በድምፅ እንዳልሆነ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ድንገት ሴትዮዋ ብትናገርስ እያልኩ ሳስብ ሻዬ ቀዘቀዘ። መብራት አንዴ ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ እኔ ግን ቆሜ ነበር፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ማንን ለመርዳት እንደሆነ ሳላውቅ።

ሲወርድ ደረጃው ላይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«እንዴት ነበር?» ብዬ ጮህኩ። አስተናጋጆቹ ሁሉ ዞሩ።

«ያስተማርሽኝ ነው የመጣው» አለኝ።

ውጤቱ ሲመጣ አለፈ። እንዲያውም በጥሩ ነው ያለፈው። እኔ እልል ስል ጎረቤቴ ከግድግዳው ወዲያ ተቀበሉኝ፤ ወዲያው ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አስገዝተው በሳህን ይዘው መጡ። ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጣታችን ማር በማር እስኪሆን በላን። «ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜ!» ይላሉ፤ እሱ ምን እንዳሉ ባይሰማም ያፍራል፤ ይሥቃል። ልጃችን ከአዲስ አበባ ደውላ አለቀሰች። ያን ቀን የእሱ ጆሮ ነገር እንኳ የሚድን መሰለኝ።

ከዚያ ጥበቃው መጣ።

መሥሪያ ቤቱ እንኳን ደስ ያለህ የሚል መልእክት ልኮ ነበር፤ ትኬትህን እንልክልሃለን፣ ተዘጋጅ ይላል። ሻንጣውን አሰናዳን። የሥራ ጫማውን ቀለም ቀባ። አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ባለቤት ድሬዳዋ ሆኖ «ና አብረን እንሥራ» ብሎት ነበር፤ «መሄጃዬ ነው፣ ሰው አላታልልም» ብሎ መለሰው። ክረምቱ ገባ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ዋልኩ። ሻንጣው መኝታ ቤት በር ሥር ቆሞ ስናልፍ ስናገድም እግራችንን ይመታን ነበር። ወደ ጎን እናድርገው ስለው አይወድም።

በዚህ መሐል ቴሌቪዥን ላይ አዲሶቹን ጄቶች አየናቸው። የዐረብኛ ጣቢያ ነው። ነጭ፣ የሚያብለጨልጩ፣ ጭራቸው በአዲስ ቀለም የተቀባ። ባለሥልጣናት ሪባን ይቆርጣሉ። እሱ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ የሞተሩን ክዳን፣ የጎማውን ቤት በጣቱ እያሳየ ስማቸውን ይጠራልኛል። እኔም የማውቃቸው ሆነው አገኘኋቸው፤ ስንቱን ጮኼበታለሁ። ከባለሥልጣናቱ አንዱ ሪባኑን ሲቆርጥ ምን እንደሚል ግን ሁለታችንም አልሰማንም፤ እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ፣ እሱ ጆሮው።

መልእክቱ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ረፋድ ላይ ነበር፤ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ስልኩ ነዘረና ባለቤቴ አነሣው። የዚያ አገር ሰው የሆነ፣ አብሮት ለዓመታት የሠራ ጓደኛው ነው የላከው። ይኸ ሰው መጻፍ አይወድም፤ ሁልጊዜ በድምፅ ነው የሚልከው፤ ሁለቱ የሚግባቡትም በዐረብኛ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው፤ ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረው።

«ይንጫጫል እንጂ ቃሉ አይለይልኝም» አለኝ። «ትኬቱን ነው መሰለኝ። እስቲ ጎረቤትሽን አሰሚያቸው። ቀኑን በደንብ ጠይቂያቸው።»

ስልኩን ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ እንደ ወትሯቸው ደጃቸው ላይ ቆብ ይጠልፋሉ። ነገሩን ነገርኳቸውና መልእክቱን ከፈትኩላቸው። የሰውየው ድምፅ የወፈረ ነው፤ መሐል መሐል ላይ ይቆማል። እሳቸው በጆሯቸው ተጠግተው ሰሙ። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«ምን ይላል፣ እማማ?»

«መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ስለ ልጃችሁ ጠይቋል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ልጄ፣ ሃንጋር የሚለው ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን የሚጠገንበት ቤት ነው።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ተዘጋ ነው የሚለው። ባለገንዘቦቹ አዲሶቹን ጠያራዎች በአገራችን ነው የምናሠራው ብለዋል። እዚያ የሚቀረው ጎማ የሚቀይርና የሚያጥብ ሰው ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ሠራተኛ አይመለስም ይላል። ይህን የላከውን ሰውዬ ራሱንም አሰናብተውታል። ወላሂ፣ እያለቀሰ ነው የሚናገረው።»

«ፈተና ያለፉትንስ?»

«ያለፈም ያላለፈም አንድ ነው ይላል።» ከዚያ ለራሳቸው «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ ሰው ሲሞት እንደሚሉት።

ከእሳቸው ደጅ እስከ እኛ በር ያለችው መንገድ ጥቂት ናት። ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ወጥቶ ቆሟል። ሰው እየጠበቀ እንዳለ ሁሉ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቷል። ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ ነው የጠበቀኝ፤ ከንፈር ማንበብ ለምዶ ነበር። እኔ ግን ከንፈሬ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምንም አላነበበም።

«መቼ ነው?» አለኝ።

ክንዱን ይዤ ወደ ውስጥ ልስበው ሞከርኩ። «እንግባ» አልኩ በዝግታ።

«ምን?»

ጆሮው ሥር ተጠግቼ፣ እንደ ሚስጥር፣ «ሃንጋሩን ዘግተውታል» አልኩት።

«አልሰማሁም። ጮክ በይ እንጂ፣ አንቺ ደግሞ!»

በዕድሜዬ ክፉ ወሬ ማርዳት ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። የተማሪ ወላጅ ሲሞት፣ የራሴ አባት ሲሞት። ሰው ይህን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጅ ይዞ፣ አስቀምጦ ነው። እኔ ለባለቤቴ እንዲህ ማድረግ አልቻልኩም። መንገዱ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አለች፤ ባጃጁን የሚያጥብ ሰው አለ፤ ለክረምት ትምህርት የሚያልፉ ተማሪዎቼ አሉ። ሁሉም ያውቁኛል፤ በእንግሊዝኛ ስጮህ የከረምኩ ሴት ነኝ።

«ሃንጋሩ ተዘግቷል!» አልኩ። «አይጠሩህም! ጥገናውን ወደ አገራቸው ወሰዱት!»

ባጃጅ አጣቢው እጁን አቆመ።

ባለቤቴ ፊቱን ወደ እኔ አጠጋ። «ፈተናውን አልፌያለሁ እኮ» አለ። ጆሮው የከዳው ሰው የራሱን ድምፅ መጠን አያውቅምና እሱም ጮኾ ነው የተናገረው።

«አዎ፣ አልፈሃል!»

«ታዲያ?»

«ያለፈም ያላለፈም አንድ ነው አሉ!»

ሰው ሁሉ ሰማ። ሽንኩርት ሻጯ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ባለቤቴ «እሺ» አለና ገባ። ያ እሺ ሰምቶ ያለው ይሁን ሳይሰማ እንደለመደው ያለው ለመለየት ፊቱን ማየት ነበረብኝ፤ ጀርባውን ነበር የሰጠኝ።

በማግስቱ እኔ ደወልኩ። እሱ በስልክ ስለማይሰማ፣ የሚያውቀውን የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ረጅም ሙዚቃ ሰማሁ። ከዚያ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች። እንግሊዝኛዬን ሁሉ ሰብስቤ አስረዳኋት፦ ባለቤቴ ያን ያህል ዓመት አገልግሏል፣ ፈተናውን አልፏል፣ ተዘጋጅ ብላችሁታል። ልጅቷ ሁሉንም አዳመጠችኝ፤ አዝናለሁ አለችኝ፤ ውሳኔው የእኛ አይደለም አለችኝ።

«የማን ነው?»

«የአዲሱ አመራር ነው።»

«አመራሩን ላነጋግር?»

«እዚህ አገር አይደሉም» አለችኝ። የት እንዳሉ ስጠይቃት እሷም አታውቅም ነበር። ሌላ ምን ልርዳሽ ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት። ባለቤቴ «ምን አለች?» እያለ ጉልበቴን ይነካኛል።

በዚያ ሰሞን ያናደደኝ እሱ አለመናደዱ ነው። የምረግመው ሰው ፈልጌ ነበር። መንግሥታቸውን ብል «ምን ያድርግ፣ ከስሮ ነበር» ይለኛል። ባለሀብቶቹን ብል «ያን አውሮፕላን በዚያ ሃንጋር ማን ይጠግናል? መሣሪያው የለም፤ እኔም ብሆን አላስነካም» ይለኛል። «ታዲያ ለምን አስተማሩህ?» ብዬ ስጮህበት፣ «ያኔ አስበው ይሆናል፤ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ» አለኝ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀና እስከ ኤረር በር ድረስ ብቻውን ሄዶ ተመለሰ።

የድሬዳዋውን ጋራዥ ባለቤት እኔው ደውዬ ለመንኩለት። ሰውዬው ደግ ነው፤ ተቀበለው። ጠዋት በሚኒባስ ወርዶ ማታ ይመለሳል። ሥራው አልከበደውም። ግን አንድ ቀን የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ሰዎች ጮኸው ጮኸው አልሰማ ብሎ፣ አንዱ ሮጦ በልብሱ ጎትቶ አወጣው። የጋራዡ ባለቤት ራሱ ሐረር ድረስ መጣ። በረንዳችን ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን ሳይነካ፣ «እህቴ፣ እሱን የሚጠላ የለም፤ የሰው ነፍስ በእጄ እንዳይጠፋ ነው» አለኝ። ለእኔ ነው የነገረኝ፤ ለእሱ ለመጮህ አልደፈረም። እኔም ያን ቀን አልጮህኩም። እሱ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሲያይ ቆይቶ «ገባኝ» አለ።

ልጃችን አዲስ አበባ ወስዳ አስመርምራው የመስሚያ መሣሪያ ገዛችለት። ሲያደርገው የሳህን ኳኳታ፣ የቆርቆሮው ዝናብ፣ የውሻ ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ ይገባበታል፤ የእኔ ቃል ግን ከዚያ ውስጥ አይለይም። ሐኪሙ ይለመዳል ብሏል። ቅዳሴ ሲሄድ ያደርገዋል፤ ከቅዳሴ መልስ ያወልቀዋል።

አሁን በየእሑዱ ከጎጃም ታናሽ ወንድሙ ይደውላል። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ። «የአባታችን መሬት አለ፤ ይምጣና አብረን እንረስ፤ አንቺም ነይ» ይላል። እኔ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ይቀረኛል። መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም፤ ወንድሙ ራሱ «መንገዱ ሲከፈት» ነው የሚለው። ባለቤቴ ከገበሬ ቤት የወጣው ልጅ ሆኖ ነው፤ በሬ ጠምዶ አያውቅም። እዚህ ደግሞ የሚሠራው የለም።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «ምን ልበለው?» ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኩት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

የእውነቴን አላውቅም። አላውቅም አልኩት። ለወንድሙም «አስበን እንነግርሃለን» አልኩት፤ ከዚያ በፊት በነበሩት እሑዶችም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ወንድሙ «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለኝና ስለ ዝናቡ ያወራኝ ጀመር።